ውሃው ሲኮመጥጥ

«ስድስቱም? ስድስቱም ሲኒ ኮምጣጣ ነው የምትለኝ?»

«ኮምጣጣ ነው አልኩ፤ ኮምጣጣ ነው።»

«እንግዲያው መጉመጥመጫው ውሃም አይቅርበት! እሱንም ቅመስና ኮምጣጣ ነው ብለህ ጻፍበት!»

«አንተ» ማለቷ የታወቃት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ አባዬ ነው፣ አንተ ነው፤ ነጩን ካፖርት ለብሰው በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቆሙ ግን አባቷን እንደ ማንኛውም ትልቅ ባልደረባ አንቱ ትላለች። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነበር። ሥራ በጀመረች ዕለት ደረጃው ላይ አስቁሟት፣ «ከዚህ በር ወዲያ እኔ ልጅ የለኝም፤ አንቺም አባት የለሽም» ብሏታል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስትሳሳት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሦስተኛው ቀማሽ፣ ወፍራሙና ቀልደኛው፣ ማንኪያውን በፎጣ እየጠረገ፣ «ሚዛንና ሚዛን ከተጣሉማ ቡና ሻጩ ምን ይዋጠው!» አለና ወጣ።

አባትየውን በቅምሻ ቤቱ «ሚዛኑ» የሚሉት በከንቱ አልነበረም። ቡና ላይ ኮምጣጣነት ሁሉ ጥፋት አይደለም። ሕያው የሆነ አለ፤ የበሰለ ብርቱካን የነከሱ ያህል ምራቅ ጠርቶ የሚሄድ። ያ ዋጋ ያስጨምራል። የሞተ አለ፤ እንደ ሰነበተ ወተት ምላስ ሥር ተጋድሞ አልሄድ የሚል። ያ ደግሞ ቡናውን ያስጥለዋል። ሁለቱን ለይቶ ልኩን በቁጥር መናገር ነው ሙያው፤ እሱም ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይስት ሠርቷል። ልጁን «ትንሿ ሚዛን» ያሏት በእሱ ነው።

አሁን ግን በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አንድ ናሙና ጥሏል። ኃላፊው ሁለት ጊዜ መጥቶ፣ አንገቱን እየሰበረ፣ «ጋሽ ሚዛን፣ ዘንድሮ ዝናቡ ነው እንዴ ያበላሸብን?» ብሎ ጠይቆ ሄዷል። ጥያቄው ስለ ዝናብ እንዳልነበረ ሁሉም ገብቶታል።

ልጅቱ ከመደርደሪያው አንድ ቆርቆሮ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ክዳኑ ላይ የአባቷ እጅ ጽሕፈት አለ።

«ስድስተኛው ሲኒ ከዚህ ነው የተቀዳው» አለች፤ ድምፅዋ ወርዷል። «የመለኪያው ቡና ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ከሰማንያ ናሙና መካከል ንጹሕ ብለው የመረጡት እርስዎ ነዎት። ኮምጣጣ ብለው ጣሉት።»

አባትየው ቆርቆሮውን አየ። ከዚያ ማንኪያውን የመጉመጥመጫው ብርጭቆ ውስጥ ነከረ፣ አንድ ማንኪያ ውሃ እንደ ቡና ፉርር አድርጎ ሳበ፣ አፉ ውስጥ አዟዟረው፣ ቆይቶ ከመትፊያው ባልዲ ላይ ጎንበስ ብሎ ተፋው። ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ውሃውም» አለ።

መጀመሪያ እልህ መስሏት ነበር። ቀና ብላ ፊቱን ስታየው ግን እልህ አልነበረም። ማታ መንገድ የጠፋበት ሰው ነበር የሚመስለው።

የኋላው ደረጃ ወደ መጋዘኑ ያወርዳል። እዚያ፣ የቡና ከረጢት በተደረደረበት፣ ትልቁ ሚዛን አጠገብ ተቀመጡ። መዛኙ ከወዲያ በኩል እየጮኸ ቁጥር ይጠራል፤ የሚሰማቸው ሰው አልነበረም።

«ስንት ጊዜህ ነው?» አለች።

«ምኑ?»

«አባዬ።»

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ እንደ ልጅ፣ ከማይጎዳው ጀምሮ፣ ጥቂት በጥቂት ነገራት። ቃሩ ከጀመረው ሦስት ወር ሆኖታል። ጋደም ሲል ጉሮሮው ድረስ ይመጣል፤ ስለዚህ በሦስት ትራስ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ያድራል። ጠዋት ሲነሳ አፉ ሎሚ ሲመጥ ያደረ ይመስላል። ሐኪም ዘንድ ሄዷል፤ ለእናቷ ግን አልነገራትም።

«ምን አለህ ሐኪሙ?»

«ልጅ እግር ነው። እኔን መምከር ያማረው። ቡናና ሻይ ብቻቸውን ጨጓራ አይበሱም፣ የተቆጣውን ጨጓራ ግን አሲድ እየጠሩ ያናድዱታል አለኝ። ተዋቸው አለ። እነሱን ከተውኩ ምን ሆኜ ልኑር አልኩት፤ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።»

«ተውካቸው?»

«አራት ቀን። ፈቃድ ወስጄ ቤት የዋልኩ ጊዜ አለ አይደል? ራሴ በመዶሻ ይመታ ጀመር። ቡና ያልጠጣ ቀማሽ ራሱ ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂዋለሽ። የራስ ምታት ክኒን ዋጥኩበት። ከዚያ ወዲህ ክኒኑን ለመድኩት።»

«በባዶ ሆድ?»

«መቼ ነው እኛ በልተን የምንቀምሰው?»

እውነቱን ነው። በዚህ ሙያ ጠዋት የሚበላ የለም፤ ምላስ ቅባት እንዳይነካው ሁሉም ጾሙን ይገባል፣ እስከ እኩለ ቀን ባዶ ሆድ ላይ ስልሳ ሰባ ማንኪያ ይስባል። መትፋት ደንብ ነው፤ ግን ከሚተፋው ከፊሉ መውረዱ አይቀርም። ጥሩ ቡና ሲገኝ ደግሞ መትፋቱን ረሳሁ የማይል ቀማሽ የለም።

«ኋላ ስመለስበት ሐኪሙ ክኒኑን ጭምር ተው ብሏል» አለ አባትየው፣ ከመሬት የወደቀች የቡና ፍሬ አንሥቶ በጣቶቹ እያሽከረከረ። «እንዲያውም እሱ ነው የሚበሳህ ብሎኛል። ነጭ ሽሮፕም ሰጠኝ፤ ቃሩን ያጠፋዋል፣ አልዋሽም። ግን ምላሴን እንደ ኖራ ለቀለቀው። በጠጣሁት ሳምንት ቡናው ሁሉ እንደ ታጠበ ጨርቅ ሆነብኝ። ስተወው ሁሉም ይኮመጥጣል፤ ስጠጣው ምንም ጣዕም የለም። አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ ሽሮፑን ተውኩ።»

«ሌላስ? ሌላ ምን አለህ?»

«ወረቀት ሰጠኝ።»

«ምን ይላል?»

«ሐኪም ምን ይላል? አትብላ፣ አትጠጣ፣ ተመለስ። በካሜራ ሆድህን ልይ ብሏል። ደግሞ ሆዴ ምን የሚታይ ነገር አለው?» ፍሬዋን ወረወራት። «ስሚኝ። ሐሙስ ፈተናው ነው። አርብ ጠዋት ራሴ በእግሬ ሄጄ ካሜራቸውን እውጥላቸዋለሁ። እስከ ሐሙስ ግን ለማንም እንዳትናገሪ።»

ፈተናውን ታውቀዋለች። በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ከሌላ ቅምሻ ቤት የመጡ ጭምር ሰባት ቀማሾች አንድ ጠረጴዛ ይዞራሉ፤ ውጤቱ ከሌሎቹ ሁለቴ የራቀ ሰው ምስክር ወረቀቱ ይወሰዳል። ምስክር ወረቀት የሌለው ቀማሽ እንደ ማንም መንገደኛ ቡና ጠጪ ነው። አባቷ ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ግን የጨነቀው የጡረታው ነገር እንዳልሆነ ከድምፁ ለይታዋለች። ጠረጴዛው ፊት ሰዎች ሁሉ እያዩት ምላሱ እንዲዋሽ አይፈልግም።

«ዛሬውኑ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለች።

«ከሐሙስ በኋላ።»

«አባዬ፣ በአንተ ሆድ የሰው ቡና እየወደቀ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።»

ይህ ከሕመሙ ይልቅ ጎዳው። አንገቱን ደፋ። ከወዲያ የመዛኙ ድምፅ ይሰማ ነበር። «ስልሳ አንድ! ከረጢቱን ቀንስ! ስልሳ!» ሌላ ከረጢት ተጫነ። «ስልሳ ሁለት! ከረጢቱን ቀንስ!»

ልጅቱ ወደ ሚዛኑ ዞረች። «አንተ ስትቀምስ የምትመዝነው ቡናውን ከነከረጢቱ ነው» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ውሃው ኮመጠጠህ አይደል? ውሃ ደግሞ አይኮመጥጥም። ስለዚህ ውሃው ላይ የምታገኘው ኮምጣጣ የራስህ ነው። ልኩን ካወቅን ከእያንዳንዱ ሲኒ ላይ እንቀንሰዋለን። ከረጢቱን እንቀንሳለን።»

አባትየው ሚዛኑን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። «የእኔ ልጅ ነሽ!» አለ፤ ከበሩ ወዲህ ልጅ እንደሌለው ረስቶ።

እሁድ ወጥ ቤት ውስጥ አምስት ብርጭቆ ውሃ ደረደረችለት። አንደኛው ላይ አንድ ጠብታ ሎሚ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፣ እያለች እስከ አምስት አደረሰችው። እናትየው በር ላይ ቆማ፣ «አባትና ልጅ የሎሚ ጠንቋይ ሆናችሁልኝ!» ብላ ሳቀችባቸው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ንጹሑን ውሃ ይቀምሳል፤ ከዚያ አምስቱን ይቀምሳል፤ ከዚያ የራሱ ውሃ የትኛውን እንደሚመስል ይናገራል።

«ሁለት ነኝ» አለ።

ሰኞ ጠዋት ካፖርታቸውን ለብሰው ሲገቡ በጆሮዋ፣ «ሁለት ነኝ» አላት። ጠረጴዛው ላይ አሥር ናሙና ነበር። በቅምሻ ጊዜ ማንኪያ የያዘ ሰው አንገቱን አያቀናም፣ አፉንም ለቃል አይከፍትም፤ የአንዱ ግንባር መቋጠር የሌላውን ፍርድ ያበላሻል ይባላል። የመጨረሻው ሰው ካርዱን ደፍቶ እስኪያስቀምጥ ድረስ ሰው ቢወድቅ እንኳ ቀና የሚል የለም እያሉ ይቀልዳሉ። ካርዶቹ ሲገለበጡ የአባትና የልጅ ቁጥር በአሥሩም ላይ አንድ ሆኖ ተገኘ።

ወፍራሙ ቀማሽ አጨበጨበ። «ሚዛኑ ተመለሰ! የት ከርሞ ነው?»

«ከረጢት ተጭኖት ነበር» አለ አባትየው። ልጅቱ ሳቋን ለመደበቅ ዞረች።

ማክሰኞ «ሦስት ነኝ» አላት። ከእያንዳንዱ ሲኒ ሦስት ቀነሰ፤ ቁጥሩ እንደገና ልክ መጣ። የጣላቸው አሥራ አንድ ናሙናዎች እንደገና እንዲቀመሱ ራሱ ጠየቀ፤ ዘጠኙን አነሣቸው። ኃላፊው ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደግሞ፣ ቀኑ ሳያልቅ፣ «አራት» አለ። ልጅቱ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ባለችው ማስታወሻ ላይ ጻፈችው፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቁጥሩ ወደ ላይ መሄዱን አላጣችውም። ግን ያየችው እንደ ቀማሽ ነው፤ ነገ ስንት እንደምትቀንስ እያሰበች። የሚዛን ጠባቂ ከረጢቱ ከበደ ብሎ አያዝንም፤ ልኩን ካወቀ ይበቃዋል።

ማክሰኞ ደረጃ ሲወጡ አባትየው መሀል ላይ ቆሞ የደረጃውን መደገፊያ ያዘ። ከንፈሩ ነጣ ብሎ ነበር።

«ደከመህ?»

«ደረጃው ረዘመ እንጂ እኔ መች ደከምኩ» አለና ወጣ።

ረቡዕ የሻይ ቀን ነው። በሻይ ቀን ቡና ወደ ክፍሉ አይገባም፤ መቁያው ይዘጋል፣ መፍጫው በጨርቅ ይሸፈናል፣ ሽታው እንዳይቀር መስኮቶቹ ይከፈታሉ። የሻዩ ቅጠል በነጭ ኩባያ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ቀይ ሆኖ ይጠራል። ሻይ እንደ ቡና አይጮህም፤ ድድ ይዞ ይጨብጣል፣ ኮምጣጣነቱ ስስ ነው። አባትየው ለሻይ አራት ቀነሰ። ሁለት ጊዜ በመሀረብ አፉን ይዞ ወጥቶ ተመለሰ። ከሌሎቹም የሚወጣ የሚገባ ስለነበር ነገሩ አልታወቀም።

ከሰዓት በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዎቹን አጥባ ግድግዳው ሥር ደፍታቸው ነበር። ሃያ ዓመት የሠራች ትልቅ ሴት ናት፤ «የዚህን ቤት ምራቅ በሙሉ ባለቤቱን ሳላይ አውቀዋለሁ» እያለች ታስቃቸዋለች። ልጅቱን ስታይ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደገፈች።

«ነይ እስቲ አንቺ። ያንቺ ሰውዬ በሻይ ቀን ቡና መጠጣት ጀመረ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ጋሽ ሚዛን ነዋ! ሌላ ማን አለሽ? ባልዲው ውስጥ የቡና አተላ አገኘሁ። የሁላችሁም ባልዲ ቀይ ነው፣ የእሱ ከታች ጥቁር። ልክ እንደ ተፈጨ ቡና ደቀቅ ደቀቅ ያለ።»

«እርግጠኛ ነሽ እትዬ?»

«ኧረ እኔ በባልዲ ልሳሳት! በሻይ ቀን ቡና እንዳይገባ ብሎ ስንቱን ያባረረ እሱ አይደለም እንዴ? ዛሬ ሌባው ራሱ ሆነ።» ሳቀች። «አይዞሽ፣ ኃላፊው ሳያይ አጥቤዋለሁ።»

ልጅቱም አብራ ሳቀች። ባልዲዎቹን አየቻቸው፤ ሁሉም ንጹሕ ናቸው፣ ከአንዱ ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል። ወደ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ ጠየቀችው።

«ጠዋት ቤት አንድ ሲኒ ጠጥቼ ነበር» አለ፣ ሳያያት። «ራሴን ስላመመኝ። አትቆጪ።»

«ከቅምሻ ውጭ ቡና አትጠጣም ብለን ትናንት ተማምለን አልነበር?»

«አንድ ሲኒ ነው አልኩሽ።»

አልተቆጣችም። እንዲያውም ቀለላት፤ ምን እንደ ቀለላት ግን ራሷን አልጠየቀችም።

ማታ እራት እየበሉ እናትየው የእሱን ሳህን አየች፣ እሱን አየች። ከሳህኑ ጎን የወተት ብርጭቆ አለ፤ ግማሹ ተጠጥቷል፣ ዳቦው አልተነካም።

«አንተ ሰውዬ መልክህን አላየኸውም? ግድግዳ መስለሃል። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬሃለሁ፣ ሂድና ታይ።»

«አርብ እሄዳለሁ።»

«ምነው አርብን መረጥካት? ሐኪሙ በዕጣ ነው የሚያክም?»

«ነገ ፈተና አለብኝ አልኩሽ እኮ። እንደ ተማሪ ቁጠሪኝ።» ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ልጅቱ ሳህኖቹን አጥባ ስትጨርስ መደርደሪያው ላይ የቡናውን ጣሳ አየች። «እማዬ፣ አባዬ ጠዋት ቡና ጠጣ?»

«የት አባቱ ያገኘዋል? ይኼ ጣሳ ከተከፈተ ሦስት ሳምንት አለፈው። እኔም ብቻዬን አልጠጣ ብዬ ትቼዋለሁ።»

ክዳኑን አነሣችው። ቡናው እስከ አፉ ድረስ ሙሉ ነው፤ ላዩ ልስልስ ብሎ ተኝቷል፣ ማንኪያ የገባበት ምልክት የለም። ክዳኑን እንደያዘች ቆመች። መኝታ ቤት ውስጥ አባቷ ያስላል፤ ሳሉ እርጥብ ነው፣ ከሳል በኋላ ደግሞ ረጅም ዝምታ አለ። በሩ ድረስ ሄደች። እጇን አንሥታ ከማንኳኳቷ በፊት፣ ነገ በባዶ ሆድና ባልተኛ ዓይን ሰባት ሰው ፊት እንደሚቆም አሰበች። አሁን ብትጠይቀው እንደሚዋሽ፣ ቢዋሽ እንደሚጣሉ፣ ቢጣሉ ነገ ፍርዱ እንደሚዛባ አሰበች። ከፈተናው በኋላ እጠይቀዋለሁ አለች። እጇን አወረደች።

ሐሙስ ጠዋት አባትየው ከመታጠቢያ ቤት ለመውጣት ቆየ። ቧንቧውን ከፍቶ ያየውን አጥቦ አወረደ፤ ሁለተኛ ጊዜ ጎንበስ አለ፣ ሁለተኛም አጠበ። ከዚያ ከኮቱ የውስጥ ኪስ የሐኪሙን ወረቀት አወጣ። መነጽሩን ስላልያዘ ከአምፖሉ ሥር አስጠግቶ አነበበው። «እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ወይም የቡና አተላ የሚመስል ትውከት ካዩ ቡና እንዳይመስልዎ። አሲድ ያጠቆረው ደም ነው። ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያው ይምጡ።»

የመጀመሪያ ቀን ሲያነበው ስቆ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ቡና የዋጠ ሰው ሌላ ምን ሊወጣው ነው ብሎ። ከማክሰኞ ወዲህ የመጣውንም በዚያው ሂሳብ አሳልፎታል፤ የትናንቱ ነው፣ ሳልተፋው የወረደ ነው እያለ። ትናንት ግን የሻይ ቀን ነበር። ዛሬ ደግሞ ገና ምንም አልቀመሰም።

ወረቀቱን አራት አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። ፊቱን በደረቅ ፎጣ እስኪቀላ ድረስ ፈተገው፣ ደም ያለው እንዲመስል። «አባዬ፣ ረፈደ!» አለች ልጅቱ ከውጭ። «መጣሁ» አለ።

መንገድ ላይ፣ «ዛሬ ስንት ነህ?» አለችው።

«አራት።»

ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ጥቂት ሄደች። «ከፈተናው በኋላ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ።»

«እኔም እነግርሻለሁ» አለ።

የቅምሻ ክፍሉ ወለል ተወልውሎ እርጥበቱ አልደረቀም። የጠረጴዛው ዙሪያ ሰባት ወንበር፣ ሰባት ባልዲ፣ ሰባት የመጉመጥመጫ ብርጭቆ፤ መሀል ላይ ሲኒዎቹ በቁጥር ተደርድረዋል። ከሌላ ቅምሻ ቤት የመጡት አራቱ አባትየውን ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ አንዱ እጁን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «ጋሽ ሚዛን፣ ያስተማሩኝን ዛሬ በፊትዎ ልመልስ ነው» አለው። «እንዳትቀንስብኝ» አለ እሱ፤ ሰዎቹ ሳቁ። ኃላፊው ደወሉን መትቶ ወጣ። ሳቁ ቆመ፣ አንገት ሁሉ ተደፋ፣ ማንኪያዎች ተነከሩ።

አባትየው እንደ ሰሞኑ ልማድ መጀመሪያ ውሃውን ቀመሰ።

አራት አልነበረም። አምስትም አልነበረም። ውሃው ጨርሶ አልኮመጠጠውም፤ ብረት ብረት አለው፣ አሮጌ ቁልፍ አፉ ውስጥ ያደረ ይመስል። ልጁ በደረደረችለት ብርጭቆዎች ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቁጥር የለም። ምን ይቀንስ? ማንኪያው በእጁ እንዳለ ለአንድ አፍታ ቆመ፤ ከጠረጴዛው ማዶ የልጁን የተደፋ ራስና የፀጉሯን መካፈያ አየ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሲኒ ሳበ።

ምላሱ ላይ ብረቱ ነበር፤ ከብረቱ ሥር ግን፣ ከሩቅ፣ ቡናው ነበር። እንደ ድሮው ነበር የመጣለት፤ ያለ ሎሚ፣ ያለ ቅነሳ። ብርቱካን። ንጹሕ፣ ሕያው። ጻፈ። ሁለተኛውን ሳበ፤ ጻፈ። ሦስተኛው የሞተ ነበር፤ ጻፈ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ፤ በእጅጌው ጠረገው። አራተኛው ላይ ጠረጴዛው ከሥሩ ትንሽ ሄደበት፤ በግራ እጁ ጠርዙን ያዘ፣ እስኪመለስለት ጠበቀ፣ ሳበ፣ ጻፈ። አምስተኛ። ስድስተኛው የመለኪያው ቡና መሆኑን ገና ከሽታው አወቀው፤ ይህንንማ በዓመቱ መጀመሪያ ራሱ ነበር የመረጠው። ያኔ ሳይተፋ ውጦት እንደ ነበር ትዝ አለው። አሁንም ዋጠው። ቁጥሩን ጻፈ፤ ቁጥሩ ልክ ነበር።

ካርዱን ደፍቶ አስቀመጠው። መሀረቡን ከኪሱ አውጥቶ አፉ ላይ ያዘ። ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ ትቶ ተነሣ።

ልጅቱ የወንበሩን ድምፅ ሰማች። ማን እንደሆነ ሳታይ አወቀች፤ ከሁሉ ቀድሞ መጨረስ የድሮ ልማዱ ነው። ልቧን ሞቅ አላት። ገና አራተኛው ሲኒ ላይ ነበረች፤ ኮምጣጣነቱ ሕያው ይሁን የሞተ ለመለየት ዓይኗን ጨፍና ምላሷን ወደ ላንቃዋ ጫነች።

ኮቱ፣ የሐኪሙ ወረቀት በውስጥ ኪሱ እንዳለ፣ ከወንበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ቀረ። በሰባቱም ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ ማንኪያ እየገባበት ጠቁሯል፤ የእሱም እንደ ሌሎቹ ነው። በአንድ እጁ መሀረቡን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዞ፣ በእርጥቡ ወለል ላይ በቀስታ ተራመደ። በሩ ድምፅ እንዳያሰማ ጠርዙ በጨርቅ የተለበደ ነው፤ ከፈተው፣ ወጣ፣ መልሶ ገጠመው። በክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰው አንገቱን ደፍቶ በየማንኪያው ይስብ ነበር።